ከግብር አዳራሽ እስከ ባንኮኒ፦ እቴጌ ጣይቱና የአራዳ ሌሊት

ባለፈው ሴሚስተር ቃለ መጠይቅ ስንለማመድ ከአንድ የክፍሌ ልጅ ጋር ተጣመርን። ጥያቄዎቹ ቀላል ነበሩ። የት እንደተወለድኩ ጠየቀኝ፤ ዲንሾ አልኩት። ማን እንዳሳደገኝ ጠየቀኝ፤ አክስቴ አልኩት። አክስቴ በምን እንደምትተዳደር ሲጠይቀኝ ግን ትንሽ ቆየሁና በንግድ ብዬ ላልፈው ሞከርኩ። የምን ንግድ እንደሆነ ሲቀጥል የጨርቃ ጨርቅ ነው አልኩት። ውሸት ነው። አክስቴ ዲንሾ ላይ መንገድ ዳር ቡና ቤት ያላት ሴት ናት።

ዲንሾን ለማታውቁ፣ ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ትንሽ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነች ማታ ማታ ብርዷ አጥንት ይገባል። የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ፓርኩን ለማየት የመጣው እንግዳ፣ ከገበያ በፈረስ የሚመለሰው ገበሬ ሁሉም ሙቀት ይፈልጋል። አክስቴ ጋ ሻይ አለ፣ ወተት አለ፣ ጥብስ አለ። መጠጥ ለማይጠጡ ሙስሊም ደንበኞቿ የፊተኛው ክፍል የተለየ ነው፤ ቢራውና አረቄው በጓዳ በኩል ባለችው ክፍል ነው። በኋላ ላይ ሁለት አልጋም ጨምራለች። እኔ ዩኒፎርም የለበስኩት፣ ደብተር የገዛሁት፣ እዚህ ኮሌጅም የደረስኩት በዚያች ባንኮኒ ነው።

ታዲያ ለምን ዋሸሁ? ቡና ቤት ያላት ሴት ሲባል ሰው ፊት ላይ የሚታየውን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቀው ነው። ቤቷ ገብቶ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሞቆት የወጣው ሰው ራሱ ውጭ ሲወጣ ሌላ ስም ያወጣላታል።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። በአገራችን ምግብ፣ መጠጥና አልጋ በገንዘብ የሚሸጥበትን የመጀመሪያውን ዘመናዊ ሆቴል የከፈተችው ሴት ማን ናት? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነገር ግን በዚህ በኩል አስበነው አናውቅም። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ስለ እሳቸው ሲነሳ ወዲያው ትዝ የሚለን ዓድዋ ነው፤ ልክም ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ የእቴጌይቱን ሕይወት ከሆቴላቸው በር ላይ ቆሜ ለማየት እሞክራለሁ።

የወደቀ ቤት ልጅ

እቴጌ ጣይቱ በ1843 ዓ.ም. ገደማ እንደተወለዱ ይገመታል። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ከስሜን መሳፍንት ወገን ናቸው፤ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። የአባታቸው ወንድም ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩ ትልቅ መስፍን ነበሩ። ይሁን እንጂ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በደጃዝማች ካሣ ድል ተመቱና ታሰሩ። ካሣም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው እዚያው ደረስጌ ነገሡ። እንግዲህ ጣይቱ ገና ሕፃን ሳሉ የቤተሰቡ ፀሐይ ጠልቃ ነበር ማለት ነው። ትልቅ ዘር ያላቸው ቢሆኑም ያደጉት የድሮው ክብር በወሬ ብቻ በቀረበት ቤት ነው።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ፊደል ማስቆጠር የተለመደ አልነበረም። ጣይቱ ግን ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ ግእዝም ያውቁ ነበር። በገና ይደረድራሉ፣ ሰንጠረዥም ይጫወታሉ። በኋላ የውጭ ዲፕሎማቶች ሊያታልሏቸው ሲሞክሩ ያልተሳካላቸው አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። የተጻፈውን ራሳቸው አንብበው የሚረዱ ሴት ነበሩ።

ከምኒልክ በፊትም ከአንድ ጊዜ በላይ አግብተው ነበር። ይህን የማነሳው ለሐሜት አይደለም። አክስቴ ሁለት ጊዜ አግብታ መፍታቷ በሰፈር ውስጥ ስንት ነገር እንዳስወራባት አይቻለሁ። እቴጌይቱ ግን ከዚያ ሁሉ ትዳር በኋላ፣ ዕድሜያቸው 30ን ካለፈ ወዲያ፣ በሚያዝያ 1875 ዓ.ም. ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር አንኮበር ላይ በቁርባን ተጋቡ። ከዚህ ጋብቻ ልጅ አልወለዱም። በዚያ ዘመን ልጅ ያልወለደች የቤተ መንግሥት ሴት ቦታዋ የሚያስተማምን አልነበረም። የጣይቱ ቦታ ግን በሥራቸው ጸና።

ፍል ውሃና ግብር

የምኒልክ መቀመጫ በዚያን ጊዜ እንጦጦ ነበር። እንጦጦ ለጦር ጥሩ ነው፤ ለኑሮ ግን ብርዱ፣ ነፋሱና የማገዶ እጦቱ ያስቸግራል። የዲንሾ ልጅ ይሄን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ጣይቱ ከተራራው ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ መቆየትን ወደዱ። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ለሐረር ዘመቻ ሄደው ሳለ እቴጌይቱ እዚያው ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም ተከትለው በየኮረብታው ሰፈሩ። ዛሬ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ዋና ከተማ የተጀመረችው አንዲት ሴት ብርድ ሰልችቷት ሙቅ ውሃ ፍለጋ በመውረዷ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ ጣይቱ ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተባሉ። ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚለውም የማዕረግ ስማቸው ሆነ።

እቴጌነት በዚያ ዘመን በዙፋን መቀመጥ ብቻ አልነበረም። ከባዱ ሥራ ግብር ነው። ግብር ማለት ንጉሡ ለመኳንንቱ፣ ለወታደሩና ለእንግዳው የሚያበላበት ትልቁ ድግስ ነው። ሰው በማዕረጉ ተራ ይገባል፤ አጋፋሪው በሩ ላይ ይቆማል፤ አንዱ ወገን ጠግቦ ሲወጣ ሌላው ይተካል። ከጀርባው ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ እያንዳንዱ የራሱ አለቃና ብዙ ሠራተኛ አለው። በርበሬው የሚቀነጠሰው፣ ጤፉ የሚፈጨው፣ ማሩ የሚበጠበጠው፣ ጌሾው የሚወቀጠው በሴቶች እጅ ነው። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠሩት እቴጌይቱ ነበሩ። ዛሬ አንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ግምጃ ቤትና የወጥ ቤት ኃላፊ ይቀጥራል። ጣይቱ እነዚህን ሁሉ ሥራዎች ሆቴል ከመክፈታቸው ከብዙ ዓመት በፊት ተምረዋቸዋል ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ግብር የሚበላው ሰው ገንዘብ አይከፍልም፤ ነፃ ግን አይደለም። መኳንንቱ በታማኝነት፣ ወታደሩ በደሙ ይከፍላል። ማሩን፣ ቅቤውንና ሰንጋውን የሚከፍለው ደግሞ ከአዳራሹ ውጭ ያለው ገበሬ ነው። የእኛ ባሌም በዚያው ዘመን ነው በጦር ኃይል ወደ ግዛቱ የገባችው። ስለዚህ የምኒልክና የጣይቱ ዘመን በሁሉም ቤት በአንድ ዓይነት ስሜት አይነሳም። የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህንን ደብቆ ማለፍ ያለበት አይመስለኝም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት ያህል በቆየው ክፉ ቀን፣ ከብት በበሽታ አልቆ ሕዝብ በረሃብ ሲረግፍ፣ ማብላት የክብር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሞትና የሕይወት ጉዳይ እንደሆነ አገሩ ሁሉ አይቷል።

ውጫሌና ዓድዋ

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ነበር። በአማርኛው ኢትዮጵያ ከፈለገች በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መጻጻፍ ትችላለች ይላል፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። ነገሩ ሲታወቅ የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ አዲስ አበባ መጥቶ ክርክር ተጀመረ። በዚያ ክርክር ላይ ከማንም በላይ የጠነከሩት እቴጌይቱ ነበሩ። ኢጣሊያ የራሷ ክብር እንዲጠበቅላት እንደምትፈልግ ሁሉ ኢትዮጵያም ክብሯን እንደምትጠብቅ ነግረው መለሱት።

ጦርነቱ ሲመጣ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ ውስጥ የመሸገውን የሻለቃ ጋሊያኖን ጦር በጥይት ማስለቀቅ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። የምሽጉ የውሃ ምንጭ ከአጥሩ ውጭ መሆኑን አስተውለው ምንጩ እንዲያዝ ያደረጉት እቴጌይቱ ናቸው። ጠላት ውሃ ጠማውና ምሽጉን ለቀቀ። ከዚያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል ሆነ። በዚያም ቀን ሴቶቹ ለሚዋጋው ወታደር በእንስራ ውሃ እንዲያመላልሱ አድርገዋል።

ሰዎች ይህን የጦር ብልኃት ይሉታል። እውነት ነው። እኔ ግን ቡና ቤት ውስጥ ስላደግኩ ነው መሰለኝ ሌላም ነገር ይታየኛል። ውሃ ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት ሰው ስንት እንስራ እንደሚጨርስ፣ ውሃ ሲቋረጥ ቤቱ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ማነው? ጓዳ የሚያስተዳድር ሰው ነው። መቀሌ ላይ የተሸነፈው ጋሊያኖ በጓዳ ዕውቀት ጭምር ነው የተሸነፈው።

ግብር ወደ ሒሳብ ሲለወጥ

ከዓድዋ በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት ቆንስሎቻቸውን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ነጋዴው፣ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ አዳኙ ሁሉ መጣ። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ። ከተማዋ ግን ለመንገደኛ ማደሪያ አልነበራትም። ትልቅ ሰው ከሆነ በቤተ መንግሥቱ እንግድነት ይቆያል፤ ያለዚያ ድንኳኑን ይተክላል፤ ወይም የሚያውቀው ሰው ቤት ይፈልጋል። በአገራችን ልማድ እንግዳ የእግዚአብሔር ነው፤ ለእንግዳ አልጋ መሸጥ ነውር ነው። ስለዚህ ማንም የተከበረ ሰው ሆቴል ልክፈት ብሎ አላሰበም።

ያሰቡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ፣ አራዳ ገበያ አጠገብ፣ ባለ ፎቅ ቤት ተሠርቶ በ1900 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እቴጌ ሆቴል ተብሎ ሥራ ጀመረ። ቤቱ ዛሬም በጣይቱ ሆቴል ስም አለ። ሰፊው የእንጨት ደረጃ፣ ከፍ ያለው ጣሪያ፣ ወለሉ ስትረግጡት የሚሰማው ድምፅ የዚያ ዘመን ነው።

ሆቴሉ ሲከፈት አበሻው ቶሎ አልለመደውም። በልቶ መክፈል እንግዳ ነገር ነበራ! ሲነገር እንደኖረው ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው አብልተው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ መኳንንቱ በየተራ ከኪሳቸው እየከፈሉ እንዲበሉ በማድረግ ነው ያስለመዷቸው። አስቡት እንግዲህ። ትናንት በግብር አዳራሽ በማዕረጉ ተራ ቁርጥ የሚቆርጥ ደጃዝማች፣ ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሒሳብ ይጠየቃል። በግብር አዳራሽ ማን ቀድሞ እንደሚገባ የሚወስነው አጋፋሪው ነው፤ በሆቴል ግን ገንዘብ የያዘ ሁሉ ይገባል። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

ያ 1900 ዓ.ም. የሚገርም ዓመት ነው። በጥቅምት ወር ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። በዚያው ዓመት ደግሞ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸማ የሚሠራውን በሙያው እያነሱ መስደብ ይቅር ተባለ። ሆቴሉና አዋጁ በአንድ ዓመት መውጣታቸው በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አንድ ላይ ነው የማነባቸው። ንጉሡ ሥራ አያስነውርም ብለው በአዋጅ ሲናገሩ፣ እቴጌይቱ ደግሞ አገሩ ነውር የሚለውን ሥራ በስማቸው ከፍተው አሳዩ። ትልቁን ግብር የምታበላ ሴት ምግብ መሸጥ ካላሳፈራት፣ ሌላዋ ሴት ምን ያሳፍራታል?

ምኒልክ ሲታመሙ

ከ1900 ዓ.ም. በኋላ የምኒልክ ሕመም እየጠና ሄደ። አንደበታቸው ሲያያዝና ሰውነታቸው ሲዝል መንግሥቱ በጣይቱ እጅ ወደቀ። ሹመት ሰጡ፣ ሻሩ፣ ዘመዶቻቸውን በየቦታው አስቀመጡ። ከዚያ ቀደም ብሎም የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን ለወንድማቸው ለራስ ወሌ ልጅ ለጉግሣ አጋብተው ነበር። ይህ ሁሉ የሸዋን መኳንንት አስከፋ። አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ በአዋጅ ከታወቁ በኋላም ክርክሩ አልቆመም። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. መኳንንቱና የመሐል ሰፋሪው ጦር አድመው እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አስወጧቸው። ከዚያ ወዲያ በሽተኛ ባላቸውን ከማስታመም በቀር በሌላ ነገር እንዳይገቡ ተነገራቸው።

ወንድ ገዥ ዘመዱን ሲሾም አልታየም ወይ? ታይቷል፤ ሁሉም ያደርገው ነበር። ጣይቱም ስህተት አልሠሩም ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሲያወርዷቸው የሰጧቸው ቦታ ምን እንደሆነ ልብ በሉ። ተመልሰሽ ጓዳ ግቢ ነው ነገሩ። ዓድዋ የዘመተችው፣ ከተማ የቆረቆረችው፣ ሆቴል የከፈተችው ሴት መጨረሻዋ ላይ የተፈቀደላት ሥራ ማስታመም ብቻ ሆነ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ጣይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ። ከዚያ ብርድ ሸሽተው ወርደው ከተማ ሠርተው ነበር፤ አሁን ተመልሰው ወደ ብርዱ ወጡ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱና የእንጀራ ልጃቸው ዘውዲቱ ንግሥት ሲሆኑም ከተራራው ላይ ሆነው አዩ። የቀረ ዘመናቸውን ጎንደር ሄደው ለመጨረስ ጠይቀው አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ አረፉ። በኋላ አፅማቸው በታእካ ነገሥት በዓታ ከምኒልክ አጠገብ አረፈ።

ከእሳቸው በኋላ የመጣችው ሌሊት

ሆቴሉ ግን ከባለቤቱ ዕድሜ ተሻገረ። በዙሪያው ያለው ሰፈርም ሌላ ሕይወት ያዘ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ የአራዳን ገበያ ወደ መርካቶ ወሰደው፤ ለአደባባዩም ፒያሳ የሚለውን ስም ተወለት። አራዳ የሚለው ቃል ግን አልጠፋም። የሰፈር ስም ከመሆን አልፎ የነቃ፣ የከተማ ሰው ማለት ሆነ። የአራዳ ልጅ ስንል ሳናውቀው የእቴጌይቱን ሆቴል ሰፈር ነው የምንጠራው።

ከነፃነት በኋላ ከሆቴሉ ብዙም ሳይርቁ ውቤ በረሃና ዶሮ ማነቂያ የሌሊት ሰፈር ሆኑ። ውቤ በረሃ የሚለው ስም ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ የመጣ ነው ይባላል። እኚህ ውቤ የጣይቱ አጎት የስሜኑ ውቤ አይደሉም፤ ከጉግሣ ወሌ በፊት የዘውዲቱ ባል የነበሩት ናቸው። ጣይቱ ዘውዲቱን ለወንድማቸው ልጅ ሲድሩ የቀድሞው ባል ስም ደግሞ በሆቴላቸው ጀርባ ባለው ሰፈር ላይ መቅረቱ የታሪክ ቀልድ ይመስላል።

በ1950ዎቹ ውቤ በረሃ በሞቀበት ጊዜ መሸታ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ዳንስ ቤቱ ጎን ለጎን ነበር። ሀገር ፍቅር ቴአትር እዚያው አጠገብ ነው። የክብር ዘበኛና የሌሎች ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኞች ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ ማታ ማታ በክለብ ይጫወታሉ። ማሕሙድ አሕመድ ድምፃዊ ከመሆኑ በፊት በአሪዞና ክለብ ተላላኪ ሠራተኛ ነበር፤ ዕድሉን ያገኘውም እዚያው መድረክ ላይ ነው። በነዚህ ቤቶች ደራሲው፣ ጋዜጠኛው፣ ተማሪው፣ መኮንኑና ሹፌሩ በአንድ ባንኮኒ ተደግፈው ይጠጡ ነበር። አጋፋሪ የሌለበት አዳራሽ ማለት ይህ ነው።

ቤቶቹን ያቆሙት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከገጠር ወይም ካልተሳካ ትዳር የወጡ ናቸው። አንዳንዶቹ ቤት ሠሩ፣ ልጅ አስተማሩ፤ ብዙዎቹ ግን በበሽታ፣ በዱላና በዕዳ ወደቁ። ነገሩን በዘፈን ብቻ ማስታወስ ለነሱ ደግ አይደለም። የደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ሲመጣ ሌሊቱ ተዘጋ፤ ሰዓት ያለፈበት ጠጪ እስኪነጋ በሩ ተቆልፎበት ያድር ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሌሊቱ ሲመለስ ወደ ካዛንቺስና ወደ ቦሌ ሄደ፤ ውቤ በረሃ ግን የድሮው ውቤ በረሃ አልሆነም።

በጣይቱ ሆቴል ግቢ በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጃዝ አምባ የሚባል የሙዚቃ ቤት ተከፍቶ አንጋፋዎቹ ሙዚቀኞች እንደገና ይጫወቱበት ጀምረው ነበር። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ላይ እሳት ተነሳና ጃዝ አምባ ተቃጠለ። ሆቴሉ ጉዳት ቢደርስበትም ተረፈ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በከተማው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያና የፒያሳ ብዙ አሮጌ ሰፈር ፈረሰ። አሁን ቆሞ የሚታየው የእቴጌይቱ ቤት ነው፤ የሌሎቹ ሴቶች ቤት የለም።

ይህን ሳስብ ነው ታሪኩ ወደ እኔ የሚመለሰው። ምግብ፣ መጠጥና አልጋ መሸጥ እቴጌ ስትሠራው ሥልጣኔ ተባለ፤ በስሟም ሆቴል ተጠራ። ስም የሌላት ሴት ስትሠራው ነውር ተባለ፤ ስሟም ከነቤቷ ጠፋ። ሥራው አንድ ነው። እንጀራው ይጋገራል፣ ብርጭቆው ይታጠባል፣ የሰከረው ይሸኛል፣ ሒሳቡ ይለቀማል። ልዩነቱ ሰው ለባለቤቷ ያለው ግምት ብቻ ነው። እቴጌ ጣይቱን ማክበር የምንፈልግ ከሆነ የእሳቸውን ሥራ የሚሠሩትን ሴቶች እየናቅን ልናከብራቸው አንችልም። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ የተለየ ዕዳ አለብን። የዶሮ ማነቂያ ሴቶች በሕይወት ሳሉ ማይክራፎን ይዞ የጠየቃቸው ጥቂት ነው። በሮቤም፣ በጎባም፣ በዲንሾም ገና ያሉ አሉ፤ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ ለአክስቴ ስልክ ደወልኩና የሆቴሉን ታሪክ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። እንደ እኔ ስለ ክብርና ስለ ነውር አልተናገረችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እነዚያ መኳንንት ዱቤ ይጠይቁ እንደሆነ። ንጉሡ አብረዋቸው ሲቀመጡ እንዴት ይጠይቃሉ ስላት ሳቀችና ደንበኛ ገብቷል ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ ያንን የክፍሌን ልጅ ፈልጌ ቃለ መጠይቁን እንደገና እንድንሠራው ለመንኩት። የጨርቃ ጨርቅ ንግድ የሚለውን አስሰረዝኩና ቡና ቤት ብሎ እንዲጽፍ ነገርኩት። ምንም አላለም። ቀጥሎ የጠየቀኝ ቤቷ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ነው።